በሕመምተኛው ራስጌ፦ ከቤተሰብ አንዱ በነቀርሳ ሲታከም

በጎንደር በነበርንበት ዘመን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ጮክ ተብሎ አይነገርም ነበር። «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል፤ ወይም በደፈናው «ቁስል» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ምንም ስም ሳይወጣለት ሕመምተኛው ከሰው ተለይቶ ይሰነብታል። እዚህ በምድረ እስራኤል ግን ሐኪሙ የበሽታውን ስም በግልጽ ይናገራል፤ የሕክምናውን ቀን ቆርጦም ወረቀት በእጅ ይሰጣል። ገና ቋንቋውን ያልለመደ፣ የአውቶቡሱን ቁጥር እንኳ በቅጡ ያላጠና አዲስ ገቢ ቤተሰብ በድንገት ወራት ከሚፈጅ ሕክምና ፊት ይቆማል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ነው። ስለ በሽታው ሐኪሞች ያስረዱ፤ እኛ የምንመለከተው ኦሪት በሕመምተኛው ራስጌ ከሚቆመው ዘመድ ምን እንደምትፈልግ ነው።

ጸሎትና መድኃኒት

ብዙ ሽማግሌዎቻችን የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «ሕመሙ የመጣው በእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ ፈውሱም ከእርሱ ይመጣል፤ በሐኪም እጅ መግባታችን እምነት ማጉደል አይሆንብንምን?» ይላሉ። ጥያቄው ፈሪሃ እግዚአብሔር ካለው ልብ የሚወጣ ነውና በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል።

የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም በተኛ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ እያለቀሰ ጸለየ። ጸሎቱ ተሰማ፤ በዕድሜውም ላይ ዐሥራ አምስት ዓመት እንደሚጨመርለት ተነገረው። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ያንን የምሥራች ያመጣው ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ። ጸሎቱ ከተሰማ፣ ዓመታቱም ከተጨመሩ በኋላ በለሱ ለምን አስፈለገ? ፈውስ ከሰማይ ቢታዘዝም በሰው እጅ እንዲደርስ ፈጣሪ ስለ ፈቀደ ነው። ነቢይ መድኃኒት ካዘዘ እኛ ከነቢዩ የበለጥን አማኞች ለመሆን መሞከር አይገባንም።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይም ባልንጀራውን መትቶ ያቈሰለ ሰው የማስፈወሻውን ዋጋ እንዲከፍል ታዟል። የታልሙድ ሊቃውንት ከዚህ ቃል ተነሥተው ለሐኪም የመፈወስ ፈቃድ እንደ ተሰጠው ተማሩ፤ «ሹልሓን ዓሩኽ» የተባለው የሕግ መጽሐፍም ማከም ከፈቃድ አልፎ ሚጽዋ መሆኑን፣ ነፍስን ከማዳን እንደሚቆጠርም ይደነግጋል። ስለዚህ ሕመምተኛችሁን ለኬሞቴራፒ ወይም ለጨረር ሕክምና ስታደርሱ በመንገድ ላይ ሳላችሁም ሚጽዋ እየፈጸማችሁ ነው። በየዕለቱ ቆመን በምናደርሰው ጸሎት ውስጥም ስምንተኛው ቡራኬ ስለ ፈውስ የሚለምን ነው፤ በዚያ ቦታ የሕመምተኛችሁን ስም ጨምራችሁ መለመን ትችላላችሁ። ጸሎቱ ለሐኪሙ እጅ ነው፤ የሐኪሙም እጅ ለጸሎቱ።

ስለ አገር ቤት መድኃኒት አንድ ነገር ልጨምር። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ኮሶ፣ ፌጦ፤ እናቶቻችን እነዚህን ሲያዝዙ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ሥርና ቅጠል ከሆስፒታሉ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ጉበትን ሊጎዳ ወይም የመድኃኒቱን ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ከሐኪሙ ተደብቆ የሚሰጥ ነገር ከቶ አይኑር። ምን እንደሚሰጥ ለነርሷ ንገሩ፤ ስሙን በዕብራይስጥ ካላወቃችሁ ቅጠሉን ይዛችሁ አሳዩ።

እውነቱን የሚያስተረጉመው ማን ነው?

እናቴ በታመመች ጊዜ እኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ወደ እስራኤል ከገባን አምስት ዓመት ሆኖን ነበር። በቤታችን ዕብራይስጥ አጥርቶ የሚያውቅ ሌላ ስላልነበረ ከእናቴና ከአባቴ ጋር ወደ ሐኪሟ ክፍል የገባሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ረጅም ነገር ተናገረች፤ የበሽታውን ስም፣ እስከ የት እንደ ደረሰ፣ ስድስት ጊዜ መድኃኒት በደም ሥር እንደሚሰጥ፣ ከዚያም ቀዶ ሕክምና እንደሚከተል አስረዳች። እኔ ዞር ብዬ የእናቴን ዐይን አየሁና ያን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረስሁት፤ «ትንሽ ቁስል ነው፣ በመድኃኒት ይጠፋል ትላለች» አልኋት።

እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር። ነገር ግን እናቴ ከሁለተኛው መድኃኒት በኋላ ፀጉሯ ሲረግፍ፣ አፏም ሲቈስል «ለትንሽ ቁስል ይህን ያህል መርዝ ምን ይሠራል?» ብላ ለሦስተኛው ቀጠሮ ሳትሄድ ቀረች። ከሆስፒታል ስልክ ቢደወል «ደኅና ነኝ በያቸው» አለችኝ፤ እኔም እንዲሁ አልሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ለአጎቴ ተናገርሁ። አጎቴም ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ፤ ቡና ተፈልቶ ሳለ በእርጋታ የበሽታውን ስም ነገሯት፤ ሕክምናውም ለምን እንዲህ እንደ ከበደ አስረዷት። እናቴ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ «ከፊትሽ ላይ አንብቤዋለሁ ልጄ፤ የማላውቀው ስሙን ብቻ ነበር» አለችኝ።

በእኛ ባህል ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። የሞት መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ ሰው በአጠገብ ሆኖ ይነገራል። ይህ ጥበብ ነው፤ ልንጥለው አይገባም። ሊቃውንቶቻችንም ለከባድ ሕመምተኛ ልቡን የሚሰብር ዜና እንዳይነገረው አስጠንቅቀዋል። ነገር ግን የሕመምተኛውን ልብ መጠበቅ አንድ ነገር ሲሆን የገዛ ሕመሙን ከእርሱ መሰወር ሌላ ነገር ነው። ጨካኝ በሆነ አነጋገር ሁሉን በአንድ ቀን ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ምን ዓይነት ሕመም እንደሆነ፣ ሕክምናው ምን እንደሆነ፣ ከእርሱ ምን እንደሚጠበቅ ግን ማወቅ አለበት፤ አለዚያ የማያውቀውን ጦርነት እንዲዋጋ እንጠይቀዋለን። የቀረውን እርሱ በጠየቀ መጠን ንገሩት። «ቀኔ ስንት ነው?» ብሎ ካልጠየቀ ማንም አይቁጠርለት።

የአገሩም ሕግ ይህንኑ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ሐኪም ለሕመምተኛው ስለ በሽታውና ስለ ሕክምናው እንዲያስረዳና ፈቃዱን እንዲጠይቅ ያዛል። በ2011 የጤና ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያ ደግሞ የጤና ተቋማት ዕብራይስጥ ለማያውቅ ሰው በቋንቋው የሚግባባበትን መንገድ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። ስለዚህ ወደ ኩፓት ሖሊም ወይም ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በአካል ባይኖር በስልክ እንዲገናኙላችሁ ጠይቁ። ይህ ልመና አይደለም። ልጆቻችሁን ግን ለዚህ ሥራ አታቁሙ። ልጅ የእናቱን የሞትና የሕይወት ወሬ በአፉ ተሸክሞ ማስተላለፍ አይችልም፤ ይቀንሳል፣ ይደብቃል፣ ወይም ሳይረዳው ያሳስታል፤ በኋላም ሸክሙን ለብቻው ይዞት ይኖራል። ልጁ ሊያግዝ ከፈለገ የቀጠሮውን ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፍ፤ ከኩፓው የሚወጣውን የክፍያ ዋስትና ወረቀት፣ ማለትም «ቶፌስ 17» የሚባለውን፣ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር በአንድ ፋይል ይጠብቅ። በእያንዳንዱ ሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ አለች፤ ስለ ሥራ መቅረት፣ ስለ ብሔራዊ ኢንሹራንስና ስለ ትራንስፖርት ጥያቄ ያለው ቤተሰብ በመጀመሪያው ሳምንት ያነጋግራት።

የሰንበት ሌሊት

እናቴ ወደ ሕክምናው ተመለሰች። ከአራተኛው መድኃኒት በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ማታ፣ ሰንበት ከገባች በኋላ፣ ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንባሯን ስነካው ያቃጥላል። ነርሷ አስቀድማ ሙቀቷ 38 ከደረሰ በማንኛውም ሰዓት ወደ ሚዩን ይዛችኋት ኑ ብላን ነበር። አባቴ ግን ሰንበትን በአገሩ ሥርዓት የጠበቀ ሰው ነው፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ጠፍቶ፣ ምግብ ቀድሞ ተሰናድቶ፣ በሰንበት ክብሪት የማይጫርበት ቤት ያደገ። «ሰንበት እስክትወጣ እንታገሥ፤ ስለ ሰንበት ክብር እግዚአብሔር ይጠብቃታል» አለ። ልቡ ግን እንደ እኔው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንድ አረጋዊ ቄስ ይኖሩ ነበር። ወንድሜ ሮጦ ጠራቸው። በትራቸውን ይዘው በደረጃው ወጡ፤ እናቴን አዩ፤ አባቴንም አዩ። ከዚያ ስልኩ ካለበት ሄደው ቆሙና «ቁጥሩን ንገሪኝ» አሉኝ። «እኔ ልደውል፣ አባ» ብላቸው «አንቺ ልጅ ነሽ። ኀጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን» አሉና አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ ብዬ ስነግራቸው በራሳቸው ጣት ደወሉ። ማጌን ዳቪድ አዶም ሲመልስ ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። አባቴ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ነጠላውን ለብሶ ከእናቴ ጋር ወደ አምቡላንሱ ገባ። በሆስፒታሉም የተቀበለን ሐኪም እስከ ንጋት እንኳ መጠበቅ አይቻልም ነበር አለን።

ከዓመታት በኋላ በሚድራሻ ስማር ያንን ሌሊት በመጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። ሃላኻ ነፍስን የሚያሠጋ ሕመም ያለበት ሰው ስለ እርሱ ሰንበት እንደሚሻርለት ይደነግጋል፤ ይህም «ፒኩዋሕ ኔፌሽ» ይባላል። የሚፈጥን ይመሰገናል፤ ልጠይቅ ብሎ የሚዘገይ ግን ደም እንደሚያፈስስ ይቆጠራል። ከሁሉ ያስደነቀኝ ደግሞ ሊቃውንቱ ሥራውን የሚፈጽመው ማን ይሁን ለሚለው የሰጡት መልስ ነው፤ ለልጆች ወይም ለሌላ ሰው አይተው፣ የሕዝቡ ታላላቆች ራሳቸው ይፈጽሙት ብለዋል፤ ማንም ሰው ነገሩን በጭንቅ የተፈቀደ ስሕተት አድርጎ እንዳያየው። እኒያ ቄስ ታልሙድን አላነበቡም። ኀጢአት መስሏቸው በራሳቸው ላይ ሊሸከሙት የወደዱት ነገር ሚጽዋ ነበር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በኬሞቴራፒ ጊዜ ትኩሳት እንደ ተራ ጉንፋን አይታይም። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ፣ በተለይ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሰውነት ተሐዋስያንን የሚከላከልበት ኃይል ይደክማል፤ በጤነኛ ሰው ላይ በሁለት ቀን የሚያልፈው በእርሱ ላይ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በቤት የሙቀት መለኪያ ይኑር። 38 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካለውና ከተንቀጠቀጠ፣ በሰንበትም ይሁን በበዓል፣ በአስተሰርዮም ቢሆን፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሐኪም ሳይጠየቅ ትኩሳት ማብረጃ እንደ አካሞል ያለ ነገር አትስጡ፤ ትኩሳቱን ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አያቆምም። ዓርብ ከሰዓት በፊት ቦርሳ አዘጋጁ፤ መታወቂያ፣ የሕክምናው ደብዳቤ፣ የመድኃኒቱ ዝርዝር፣ የሆስፒታሉ ስልክ ቁጥር በጉልህ ተጽፎ በውስጡ ይኑር። ሕመምተኛው እንዳይፈራ አንድ ዘመድ አብሮት መጓዙ የተፈቀደበት ሁኔታ አለ፤ ከሆስፒታል መመለስ ግን ሌላ ሕግ አለውና የሰፈራችሁን ረቢ አስቀድማችሁ በሳምንቱ መካከል ጠይቁ። በአስተሰርዮ ስለ መጾምም እንዲሁ ነው፤ ሐኪሙ ከከለከለ አለመጾም ነው ትእዛዙ፤ ሕመምተኛው ራሱ መብላት ያስፈልገኛል ካለ ሐኪሞች አያስፈልገውም ቢሉ እንኳ የእርሱ ቃል ይሰማል። አንዳንድ ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ፣ በመካከል ጊዜ እየሰጡ መብላት ይታዘዛል፤ መጠኑን ረቢው ያስረዳችኋል።

ለጥየቃ ስንሄድ

ሕዝባችን ሕመምተኛ መጠየቅ ያውቅበታል፤ ከማንም መማር አያስፈልገውም ለማለት ይቻላል። ቢኩር ሖሊም የሚባለው ሚጽዋ በእኛ ዘንድ ከኦሪቱ ጋር ከአባቶቻችን የመጣ ነው። ታልሙድ እንደሚያስተምረው ሕመምተኛን የሚጠይቅ ሰው ከሕመሙ ከስድሳ አንድ እጅ ያነሣለታል። ደግሞም ስለ ረቢ ዐቂቫ ይተርካል። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ታሞ ማንም ሳይጠይቀው ቀረ፤ ረቢ ዐቂቫ በሄደ ጊዜ ግን ወለሉ ተጠረገለት፣ ውኃም ተረጨበት፤ ሕመምተኛውም በዚያ ዳነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ረጅም ስብከት አልተነገረም። ወለል ነው የተጠረገው። እቃ ያጠበ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያመጣ፣ እንጀራ ጋግሮ በበሩ ያስቀመጠ ሰው የረቢ ዐቂቫን ሥራ ሠርቷል።

ይሁን እንጂ በጎንደር ያማረ የነበረው ሁሉ በነቀርሳ ሕክምና ጊዜ አይስማማም። ሃያ ሰው በአንዲት ትንሽ ሳሎን ውስጥ እስከ ሌሊት መቀመጡ ሕመምተኛውን ያደክማል፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው ከመካከላቸው ሊኖር ይችላል። ጉንፋን ወይም ሳል ያለበት በስልክ ይጠይቅ፤ የገባም እጁን ይታጠብ፤ መሳሳሙ ይቅር። የዕጣን ጭስና የሚቈላ ቡና ሽታ ለኛ ደስታ ቢሆንም በኬሞቴራፒ ላይ ላለ ሰው ያቅለሸልሻል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም በዚህ ጊዜ ይቅሩ። በሌላ በኩል ደግሞ «ይጋባብኛል» ብሎ የሚሸሽ፣ ለሕመምተኛው ሳህንና ብርጭቆ የሚለይ ሰው አለ። ነቀርሳ ከአንድ መሶብ በመብላት አይጋባም። ሕመምተኛ ከሕመሙ ይልቅ በተለየለት ብርጭቆ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ሊቃውንቱ በቀኑ መጀመሪያ ሦስት ሰዓትና በመጨረሻው ሦስት ሰዓት ጥየቃ አትሂዱ ብለዋል። ጠዋት ሕመምተኛው ስለሚበረታ ጠያቂው የተሻለው መስሎት ጸሎቱን ይተዋል፤ ማታ ደግሞ ሕመሙ ስለሚጠና ተስፋ ይቆርጣል። ሰውን እንዴት እንደሚያውቁት ተመልከቱ! የእግዚአብሔር ክብር፣ ሼኺና፣ ከሕመምተኛው ራስጌ በላይ እንደሚያርፍም ያስተምራሉ፤ ስለዚህ መሬት ላይ የተኛ እንደሆነ ጠያቂው ከእርሱ ከፍ ባለ ቦታ አይቀመጥም፤ በአልጋ ላይ ከሆነ ግን ወንበር ይፈቀዳል። ቆሞ ከላይ ቁልቁል እያዩ «አይዞህ» ከማለት ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ዝም ማለት ይሻላል። የሕመምተኛውን ወሬ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ «እኔ የማውቀው ሰው በዚሁ ሞተ» የሚለውን ታሪክም በቤት ትቶ መምጣት ያስፈልጋል።

አስታማሚዋንም አትርሷት። ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ሚስት ሁሉን ብቻዋን ትሸከማለች። ሙሴ በዐማሌቅ ጦርነት እጆቹ በከበዱ ጊዜ አሮንና ሑር ከግራና ከቀኝ ሆነው ደገፉለት፤ የሚቀመጥበትም ድንጋይ አደረጉለት። ሙሴ እንኳ ብቻውን አልቻለም። ዘመዶች ተቀምጣችሁ ተራ አውጡ፤ ማን በየትኛው ቀን ወደ ሕክምና እንደሚወስድ፣ ማን ሌሊት እንደሚያድር በወረቀት ጻፉት።

በእናቱ ስም

እናቴ ከሕክምናው በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። እኅቴን ዳረች፤ የልጅ ልጅ አቀፈች፤ ወደ ሲግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጣች። ከዚያ በሽታው ተመለሰ። ጸሎታችን አልተሰማም ወይ ብለው የጠየቁኝ ነበሩ፤ እኔ ግን ስለ ሕዝቅያስ ዐሥራ አምስት ዓመት ነበር የማስበው፤ እነዚያም ዓመታት አልቀዋል፤ ግን ተሰጥተዋል። በሁለተኛው ሕመም ጊዜ ማንም ምንም አልደበቀባትም። ምን ማድረግ እንደምትፈልግ፣ ከማን ጋር መታረቅ እንደምትፈልግ፣ ነጠላዋ ለማን እንደሚሰጥ ራሷ ተናገረች።

ስለ ሕመምተኛ በቤት ክኔሴት በሚደረገው ቡራኬ ላይ አንድ ነገር ላስረዳና ላብቃ፤ አዲስ ገቢዎች ሁሉ የሚደናገሩበት ነው። በአገራችን ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። በዚህ ጸሎት ግን ሕመምተኛው የሚጠራው በእናቱ ስም ነው፤ እገሌ ቤን እገሊት፣ ወይም እገሊት ባት እገሊት ተብሎ። በመጀመሪያው ሕመም ጊዜ አባቴ ኦሪት በሚነበብበት ሰዓት ወደ ጋባዩ ቀርቦ የእናቴን ስም ከነአባቷ ተናገረ። ጋባዩ «የእናቷ ስም ማን ነው?» አለው። አባቴ ዝም አለ። አማቱን በሕይወቱ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ በእኛ ዘንድ አማት በስም አትጠራምና፤ ወደ አፉ ሊመጣለት አልቻለም። ከጸሎት እንደ ተመለሰ በእናቴ አልጋ አጠገብ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ጠየቃት። ነገረችው። እኛም ልጆቿ የአያታችንን ስም የሰማነው ያን ቀን ነው። በሚቀጥለው ሰንበት አባቴ ከጋባዩ ፊት ቆሞ፣ አንገቱን እንደ ደፋ፣ በአማቱ ፊት እንደ ቆመ ሰው ነጠላውን አስተካክሎ፣ ስሟን ጮክ ብሎ ጠራ።